ለቡአ ተገብቶ ካንሰር ሲገኝ

ከመጀመሬ በፊት እንስማማ። ዛሬ ብሽሽት፣ ቆለጥ፣ ሰገራ የሚሉ ቃላት በማይክ ሲጠሩ ትሰማላችሁ። ማፈር ይቻላል፤ ከአዳራሹ መውጣት ግን አይቻልም። ቡአ ያለበት ሰው ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር አሥር ዓመት የሚኖረው እኮ እነዚህን ቃላት ስለምንፈራ ነው። ሱሪው ሰፋ ተደርጎ ይገዛል። ጋቢው ወደ ፊት ዘንጠፍ ይላል። ሲያስል እጁ ሳያውቀው ወደ ብሽሽቱ ይሄዳል። እኛ ቀዶ ሐኪሞች ጋ የሚመጣው ሲብስበት ነው።

የዛሬው ጉዳይ ጠባብ ነው። ብሽሽት ላይ ባለ ቡአ ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ቢገኝ ቀዶ ሐኪም ምን ያደርጋል? ገጠመኙ ብርቅ ነው። በቡአ ከረጢት ውስጥ የትኛውም ዓይነት ካንሰር የሚገኘው ከ200 ቡአ በአንዱ እንኳ አይሞላም። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ዕድሜ ልካቸውን ቡአ ሲጠግኑ ኖረው አንድም ሳያዩ ጡረታ ይወጣሉ። «ታዲያ ምን ልታስፈራራን መጣህ?» እንዳትሉኝ። ይህን ርዕስ የመረጥኩት ስለ ካንሰር ቀዶ ጥገና ላስረዳ የምፈልገው ነገር ሁሉ እዚህች አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ስለሚታይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቡአ ትንሽ። ሆዳችንን ከፊት የያዘው ግድግዳ ብሽሽት ላይ ደካማ ቦታ አለው። ወንድ ልጅ ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ቆለጡ የሚፈጠረው ሆዱ ውስጥ ነው። ከዚያ በብሽሽቱ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። የወረደበት መንገድ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መተላለፊያ ሆኖ ይቀራል። ሳል፣ ሸክም፣ ዕድሜ ሲጨመርበት መተላለፊያው እንደ ላላ የጆንያ አፍ ይሆናል። ሆድ ውስጥ ያለው ነገር የሆድን ውስጠኛ ሽፋን እንደ ከረጢት እየገፋ ይወጣል። ቡአ ይሄው ነው። በሕይወት ዘመኑ ከአራት ወንድ አንዱን ያህል ያገኘዋል። ሴቶችንም ያገኛል፣ ግን በጣም ያነሰ ነው። በዓለም ዙሪያ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን የብሽሽት ቡአ ይጠገናል ይባላል።

ከረጢቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ሞራ ነው። በግ ሲታረድ ታውቁታላችሁ፣ ያ መረብ የመሰለ ስብ። ወይም ቀጭኑ አንጀት ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ትልቁ አንጀት፣ ደንዳኔው፣ ይወርዳል። በግራ በኩል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ሲግሞይድ የሚባለው ጫፉ አካባቢ ያለው ክፍል ነው። በቀኝ ከሆነ ደግሞ የትልቁ አንጀት መነሻ፣ ትርፍ አንጀት የተንጠለጠለበት ክፍል ነው። ሲግሞይድን የአገራችን ቀዶ ሐኪሞች በሌላ ጠባዩ አሳምረው ያውቁታል። ሌሊት ሆዱ ተነፍቶ በቃሬዛ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ተጠማዞበት ነው። ረጅም ነው፣ ዘና ብሎ የተንጠለጠለ ነው፣ ይንቀሳቀሳል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ከሚወዳቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። እንግዲህ የሚዞር አንጀትና ካንሰር የሚወደው አንጀት አንድ ሆነው ሲገኙ፣ በግራ ብሽሽት በኩል ክፍት በር ካለ፣ ዕጢው በዚያ በር ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። በጽሑፍ የሚገኙት በሽተኞች አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ወንዶች፣ ቡአውም በግራ በኩል የሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልዝጋ። ቡአ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ቡአ ቀዳዳ ነው። ካንሰሩ አንጀቱ ላይ ነው የበቀለው፤ አንጀቱ ደግሞ በቀዳዳው ወጥቷል። ቡአ ያለበት ዘመድ ያላችሁ ዛሬ ማታ ደውላችሁ እንዳታስደነግጡት።

ቡአ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ማግኘት የቆየ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1735 መጨረሻ፣ ለንደን፣ ሴንት ጆርጅ ሆስፒታል። ክላውዲየስ አምያንድ የተባለ የንጉሡ ቀዶ ሐኪም የአንድ የ11 ዓመት ልጅ ቡአ ከፈተ። ልጁ ከቡአው ሌላ ሰገራ የሚያወጣ ቁስል ነበረበት። ከረጢቱ ውስጥ የተገኘው ትርፍ አንጀት ነው። ስፒል ወግቶት ተበስቷል። አምያንድ ትርፍ አንጀቱን ቆርጦ አወጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሰመመን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኤተር የመጣው ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ልጁ ዳነ። ተሳክቶ እንደወጣ የተመዘገበው የመጀመሪያው ትርፍ አንጀት ይሄ ነው፤ ማንም ሊያወጣው አስቦ ግን አልነበረም። እኔን ደስ የሚለኝ አምያንድ ራሱ የጻፈው ነው። ለልጁ ስቃይ፣ ለእሱም ድካም እንደነበር አልደበቀም። የሚቆርጠው ነገር ምን እንደሆነ ለመለየት መቸገሩንም ተናግሯል። ዛሬም ቡአ ከፍቶ ያላሰበውን ያገኘ ሐኪም የሚሰማው ይሄው ነው።

በ1889 ደግሞ ለዣር የሚባል ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ከቡአ ጋር የሚገኙ ዕጢዎችን በሦስት ከፈላቸው። ከረጢቱ ውስጥ የገባው አካል ላይ ያለ፣ ከረጢቱ ራሱ ላይ ያለ፣ ከከረጢቱ ውጭ ሆኖ ቡአ የሚመስል። አከፋፈሉ እስከ ዛሬ ይሠራል። የዛሬው ጉዳያችን የመጀመሪያው ነው።

አሁን አንድ ሰው እናስብ። የእውነት በሽተኛ አይደሉም። ከብዙ ሰው ጠባይ ሰብስቤ ያበጀኋቸው ናቸው። የ68 ዓመት አባት፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። በግራ ብሽሽታቸው ቡአ ካለባቸው 15 ዓመት ሆኗል። ማታ ጋደም ሲሉ ጉርርር ብሎ ይገባ ነበር። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ አልገባ አለ። ቀበቷቸው በሁለት ቀዳዳ ጠቧል። ልጆቻቸው «ጾሙ ነው ያከሳቸው» ይላሉ። ሰገራ አስቸግሯቸዋል፣ ተልባ ይጠጣሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ደም አይተው «ኪንታሮት ነው» ተብለዋል። ሁለተኛ ፎቅ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ እሱም የዕድሜ ነው ተባለ።

አያችሁ፣ ሁሉም ነገር የየራሱ ማብራሪያ አለው። ጾም፣ ኪንታሮት፣ ዕድሜ፣ ቡአ። አራቱን አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያይ ሰው ነው የጠፋው። ሐኪሙም ቢሆን ብሽሽታቸውን ነክቶ «ቡአ ነው» አለ፣ ቀጠሮ ሰጠ። አልተሳሳተም፤ ቡአ ነው። ግን ሲገባ የኖረ ቡአ ለምን መግባት አቆመ? ውስጡስ እንዲህ የደነደነው ምንድን ነው? ሰውነታቸውስ የት ሄደ? ብሎ አልጠየቀም። ይህን የምለው ራሴን ጨምሬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ 40 ሰው ሲያዩ የዋሉ ዓይኖች 41ኛውን ቡአ፣ ቡአ ብቻ አድርገው ያዩታል።

እንግዲህ ሰውየው ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ። ጀርባቸው ላይ መርፌ ተወግተው ከወገብ በታች ደንዝዘዋል። ነቅተዋል፣ ስለ አሰብ መንገድ ለነርሷ እያወሩ ነው። ቆዳው ተከፈተ። ጅማቱ ተከፈተ። ከረጢቱ ወፍሯል፣ ከአካባቢው ጋር ተጣብቋል። ሲከፈት የትልቁ አንጀት ጥምዝ ብቅ አለ። ጤነኛ አንጀት ስትነኩት እንደ እርጥብ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ ከጣት ያመልጣል። ይሄ ግን አንድ ቦታ ላይ ተጨማዶ ወደ ውስጥ ተሰርጉዷል። ጣት ሲያልፍበት እንደ ጥሬ ድንች ይደነድናል። ዙሪያውን ቀለበት ሠርቷል።

ክፍሉ ዝም ይላል። ኦፕራሲዮን ክፍል ዝም ሲል ደግሞ የነቃ በሽተኛ ያውቃል። «ምነው ዝም አላችሁ?» ይላሉ።

ለእኔ ከባዱ ይሄኛው ደቂቃ ነው፣ መቁረጡ አይደለም። ሰውየው የፈረሙት ለቡአ ነው። የተዘጋጀው ዕቃ የቡአ ነው። ሰመመኑ ለቡአ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ እጁ ገብቷል፣ እልህ ይይዘዋል፣ «እዚሁ ቆርጬ ልስፋውና ልገላገል» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። በብሽሽት በኩል ዕጢው ይታያል፣ እጅ ላይ ነው፣ ሁለቱን ጫፍ መቁረጥና ማገናኘት የሚቻል ይመስላል። ይቻላልም። ግን ካንሰር አልታከመም።

ለምን መሰላችሁ? የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገና ዕጢውን ብቻ ማውጣት አይደለም። ሲግሞይድ ደሙን የሚያገኘው ሆድ ጀርባ ላይ ከሚያልፈው ትልቁ የደም ቧንቧ በሚነሳ አንድ ግንድ ነው። ግንዱ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ አንጀቱ ጋ ይደርሳል። ካንሰሩ ለመሸሽ ሲነሳ የሚሄድባቸው የሊምፍ ዕጢዎች፣ ንፍፊት የምንላቸው፣ በዚያው ማራገቢያ ላይ ተደርድረዋል። ስለዚህ አንጀቱ በግራና በቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ ክፍል ተጨምሮበት፣ ማራገቢያው ሙሉውን፣ ግንዱ ሥሩ አካባቢ ታስሮ ይወጣል። ናሙናውን የሚያየው ፓቶሎጂስት ቢያንስ 12 የሊምፍ ዕጢ ቆጥሮ ካላየ ደረጃውን በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግረዋል። ብሽሽት ላይ ባለች ቀዳዳ ሆኖ ሆድ ጀርባ ላይ ያለ ግንድ ጋ መድረስ አይቻልም። ከብሽሽት ዕጢውን ብቻ ቆርጦ መውጣት አረሙን ከላይ አጭዶ ሥሩን እንደ መተው ነው።

ደግሞም ሁለት አደገኛ ፈተናዎች አሉ። አንዱ «ምን እንደሆነ ልወቅ» ብሎ ከውጭ በኩል ቁራሽ መቁረጥ። ዕጢው ከተከፈተ ሴሎቹ ቁስሉ ላይ ይረጫሉ፣ እዚያው ሊበቅሉ ይችላሉ። ሌላው በግድ ወደ ሆድ መግፋት። ያበጠ፣ የተጣበቀ ዕጢ በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ ይቀደዳል፤ ሰገራውም ካንሰሩም አብረው ሆድ ውስጥ ይፈስሳሉ። በአዲስ ሐኪምነቴ ዘመን ቡአን ወደ ውስጥ መመለስ የጉብዝና ምልክት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አንዳንድ ቡአ አይገፋም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? እንደ ሁኔታው ነው። አንጀቱ ካልተዘጋ፣ ካልተበሳ፣ ሰውየውም ደህና ከሆኑና አንጀቱ በቀላሉ ወደ ሆድ የሚመለስ ከሆነ፣ መልሶ፣ ያለ ሜሽ ዘግቶ መውጣት ይቻላል። ሜሽ ማለት ደካማውን ቦታ ለማጠናከር የምንሰፋው የፕላስቲክ መረብ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ለበሽተኛው በደንብ ይነገራቸዋል። ደረትና ሆድ ሲቲ ስካን ይነሳል፣ ጉበትና ሳንባ ይታያል። ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራ ይሠራል፣ ትንፋሽ ያሳጠራቸው ደም ማነስ ይስተካከላል። ኮሎኖስኮፒም፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ ትልቁን አንጀት ማየት፣ ይደረጋል፣ ምክንያቱም ከ100 በሽተኞች በጥቂቶቹ ሌላ ሁለተኛ ዕጢ አንጀቱ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንጀቱ አሁንም ብሽሽት ውስጥ ካለ የኮሎኖስኮፒ ቱቦው ቡአው ውስጥ ገብቶ ሊታሰር ይችላል። ተከስቶ ያውቃል። ስለዚህ ቡአ እንዳለ ለሚሠራው ሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ከዚያ በጥቂት ቀናት ወይም በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ትክክለኛው ኦፕራሲዮን ይሠራል።

አንጀቱ ከተዘጋ ወይም ከተበሳ ግን ቀጠሮ የለም። ሙሉ ሰመመን ይሰጣል። ሆድ መሐል ለመሐል ይከፈታል። ከላይ አንዱ እጅ፣ ከታች ሌላው እጅ ይሠራል። ዕጢው በቀላሉ የሚመለስ ከሆነ ወደ ሆድ ይሳባል፤ ልብ በሉ፣ ይሳባል እንጂ አይገፋም። ከቀዳዳው ከገዘፈ ግን የሚያምር ዘዴ አለ። ሆድ ውስጥ አንጀቱ ከዕጢው በላይና በታች ይቆረጣል፣ ጫፎቹ ይታሸጋሉ፣ ማራገቢያው ከነግንዱ ይለቀቃል። ከዚያ ዕጢው ከነከረጢቱ፣ ሳይከፈት፣ እንዳለ በብሽሽት በኩል ይወጣል። የገባበት በር መውጫው ይሆናል። ዕጢው ቆለጥ ላይ ወይም ወደ ቆለጥ በሚሄደው ገመድ ላይ ከተጣበቀ፣ እነሱም አብረው ይሄዳሉ። ቆለጡን ለማዳን ብሎ ካንሰሩን ልጦ ማላቀቅ አይሠራም። ይህ ለሰውየው ቀድሞ ቢነገራቸው ምንኛ ጥሩ ነበር። ግን በድንገት ሲገኝ ጊዜ የለም፣ ውጭ ለተቀመጠው ልጅ ወጥቶ መናገር ግድ ይላል።

ከዚያ የአንጀቱ ነገር። ሁለቱ ጫፎች ጤነኛ ከሆኑ፣ ደም በደንብ ከደረሳቸው፣ ሆዱ ካልተበከለ ይገናኛሉ። አንጀቱ ከላይ አብጦ፣ ሰገራ ፈስሶ፣ ሰውየው ተዳክመው ከሆነ ግን ስፌቱ ሊለቅ ይችላል። ያኔ የላይኛው ጫፍ በሆድ ላይ ይወጣል፣ የታችኛው ይዘጋል። ይህን ዘዴ ሃርትማን የሚባል ፈረንሳዊ በ1921 ያቀረበው ለካንሰር ነበር። ሰገራው ሆድ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይጠራቀማል። በእኛ ሰው ዘንድ ከካንሰሩ ይልቅ ከረጢቱ ያስፈራል፣ አውቃለሁ። «እንዴት አድርጌ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ፣ እንዴት አድርጌ እሰግዳለሁ» የሚል ጥያቄ ከሐኪም ክፍል ይልቅ ኮሪደር ላይ ነው የሚሰማው። ሐኪሙ ሳይጠየቅ መናገር አለበት ባይ ነኝ።

ቡአውስ? ረሳችሁት አይደል? ቀዶ ሐኪሙም ሊረሳው ይገባል፣ ለጊዜው። የቡአ ጥገና ዛሬ በአብዛኛው በሜሽ ነው፤ በ1980ዎቹ በሎስ አንጀለስ ሊክተንስታይን ያስፋፋው ዘዴ ነው። ግን አንጀት በተከፈተበት ቁስል ላይ ሜሽ ማስቀመጥ ለጀርም ቤት መሥራት ነው። ከተመረዘ ደግሞ ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ የቆየው መንገድ ይወሰዳል፤ ጣሊያናዊው ባሲኒ በ1880ዎቹ እንዳደረገው የራስን ጡንቻና ጅማት በክር መስፋት። ቡአው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከሜሹ ይበልጣል። ይምጣ። ካንሰር ያለበት ሰው ላይ ቡአ ትንሽ ጠላት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የፓቶሎጂ ውጤት ይመጣል። ካንሰሩ አንጀቱ ግድግዳ ላይ ብቻ ከሆነ ነገሩ ተስፋ አለው። በአሜሪካ መረጃ፣ ገና ያልተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ካለባቸው 10 ሰዎች 9ኙ ያህል ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ሩቅ አካል ከደረሰ ግን ከ10 አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። የሊምፍ ዕጢ ከተነካ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ይጨመራል፣ ብዙ ጊዜ ኦክሳሊፕላቲን የሚባል መድኃኒት ያለበት፣ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር። በሁለት ወር ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ብሽሽት ላይ የሆነ ካንሰር ቆዳውን ወይም የሆድ ግድግዳውን ከነካ፣ የብሽሽቱን ንፍፊት መፈተሽም ያስፈልጋል። አንጀቱ ካንሰሩን ወደ ሆድ ጀርባ ይልካል፣ ቆዳው ግን ወደ ብሽሽት ነው የሚልከው።

ከአዳራሹ በወረቀት ከመጡት ጥያቄዎች አንዱ «ቡአ ያለበት ሁሉ ኮሎኖስኮፒ ይደረግ ወይ?» የሚል ነው። አይ። ቡአ ስላለ ብቻ አያስፈልግም። ግን መግባት ያቆመ ቡአ፣ ከክሳት ጋር፣ ከደም ማነስ ጋር፣ ከሰገራ ለውጥ ጋር ከመጣ መጀመሪያ ካንሰር ፈልጉ፣ ከዚያ ቡአ ስፉ። ቡአ ኖረም አልኖረም ዕድሜያችሁ ከደረሰ ግን ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ያላችሁ ከ2021 ጀምሮ ምርመራው ከ45 ዓመት ነው የሚመከረው፤ ቀድሞ 50 ነበር። እስራኤል ያሉት ዘመዶቻችን ከ50 ዓመት ጀምሮ ኩፓት ሆሊም በሚባሉት የጤና መድን ድርጅቶች በኩል የሰገራ ምርመራ ይጠራሉ። ያቺን ትንሽ የናሙና መውሰጃ ዕቃ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠው የሚረሱ ሞልተዋል። አዲስ አበባ እንዲህ ቤት ድረስ የሚላክ ነገር የለንም፤ ደም ያየ ሰው «ኪንታሮት ነው» ከመባሉ በፊት ፊንጢጣው በጣት እንኳ ይመርመር።

የመጨረሻው ወረቀት «ሆድ ላይ የሚለጠፈው የሰገራ ከረጢት ይነሳል ወይ?» ይላል። የብዙዎች ይነሳል። ኬሞው አልቆ፣ ሰውነት ተመልሶ፣ ስካኑ ንጹሕ ሲሆን አንጀቱ እንደገና ይገናኛል። የአንዳንዶቹ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉት፣ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል፤ ያኛውም አብሮ ሊነገር ይገባል። እኚያ ሹፌር ግን ተገናኝቶላቸው፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ቡአው ተመልሶ መጣ እንበል። ያኔ ቁስሉ ንጹሕ ነው፣ ሜሽ ማስገባት ይቻላል። መጀመሪያ የመጡበት ነገር የሚጠገነው አሁን ነው፣ ከዓመት በኋላ። ጀርባቸው ላይ ተወግተው፣ ስለ አሰብ መንገድ እያወሩ።